ከጋቢው በኋላ ያለው ሰኞ

ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ጠዋት በውርጭ ይጀምራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይ ወጥታም ቢሆን ብርዱ ቶሎ አይለቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ሠራተኛው ወደየመሥሪያ ቤቱ ይገባል። በዚያ ሰዓት ኮቱን የለበሰ፣ ጫማውን ያስጠረገ፣ ግን ወደ የትኛውም ቢሮ የማይገባ ሰው ካያችሁ ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ቡና ቤት ይቀመጣል። አንዷን ማኪያቶ አንድ ሰዓት ያቆያታል። የሚያልፈውን ሠራተኛ ሁሉ በስም ይጠራል፣ ያልጨረሰው የሚመስለውን ሥራ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ወር ላይ ቆመው ያጫውቱታል። በሦስተኛው ወር “ጋሼ እንደምን አደሩ” ብለው እየተራመዱ ያልፋሉ። ማንም አልበደለውም፤ ሥራ ረፍዶባቸው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በየዞኑና በየወረዳው ከተማ አለ። አንኮበር ጎረቤላም አለ፣ ደብረ ሲናም አለ፣ መሐል ሜዳም አለ። ስለ እሱ ሲወራ ግን የሚወራው ስለ ጡረታ አበሉ ማነስ ብቻ ነው። የአበሉ ማነስ እውነት ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። ነገር ግን ሰውየውን ከቤቱ አስነስቶ ወደዚያች ቡና ቤት የሚወስደው ገንዘብ አይደለም።

የሽኝቱን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ከየሠራተኛው መዋጮ ይሰበሰባል፣ ጋቢ ይገዛል፣ በፍሬም የተደረገ የምስጋና ወረቀት ይዘጋጃል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ለስላሳ ይከፈታል። ኃላፊው ተነስቶ “የእርስዎን ውለታ ይህ መሥሪያ ቤት መቼም አይረሳውም” ይላል። ብዙ ጊዜ ንግግሩን የሚያደርገው ኃላፊ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ስለሆነ ተሸኚው የሠራውን አያውቅም፤ ከማኅደሩ ላይ ያነባል። ጋቢው ትከሻ ላይ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ይህ ሁሉ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ከዚያ ሰኞ ይመጣል። ስለዚያ ሰኞ ያሰበ ኮሚቴ የለም።

ሕጉስ? ሕጉ በብር በኩል እጅግ ዝርዝር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ሲደነገግ የቆየው ከንጉሡ ዘመን፣ ከ1955ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ጀምሮ ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። 60 ዓመት የሞላው ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 35 ዓመት ያገለገለ ሰው 61.25 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ከነበረ በወር 7,350 ብር ይደርሰዋል።

አማካዩ የሦስት ዓመት መሆኑ ራሱ አንድ ጉድ አለበት። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዚሁ ዓመት መጨረሻ ጡረታ የሚወጣ ሰው ግን ከሚታሰቡለት 36 ወራት ውስጥ 24ቱ በአሮጌው ደመወዝ የሚሰሉ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዘይቱና መድኃኒቱ የሚሸጠው ደግሞ በአዲሱ ዋጋ ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የጡረተኛ አስቤዛ መሆኑን ያስታውሷል።

ስለ ሰኞው ግን ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ ሠራተኛው ጡረታ መውጣቱ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ይነገረው። ሦስት ወር። ሰላሳ አምስት ዓመት የተሠራበትን ልማድ ለመፍታት የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያልቀው ማኅደር በማሟላት፣ የአገልግሎት ማስረጃ በመሰብሰብና ንብረት በማስረከብ ነው።

በዚህ ላይ የዕድሜው ነገር አለ። ሥራ ሲቀጠር ሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይ የሞላው የትውልድ ዘመን እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ዛሬ 60 የሚሞላቸው ሰዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ የተወለዱ ናቸው። ገጠር የተወለደ ሰው ዕድሜው የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን “እገሌ በሞተ በዓመቱ”፣ “በዚያ በክፉው ቀን ማግስት” በሚል ነበር። ስለዚህ ለሥራ ማመልከቻ ሲል ሁለት ዓመት የጨመረ አለ፣ ለትምህርት ሲል ሦስት የቀነሰ አለ። የመጀመሪያው ገና ጉልበት እያለው ይሸኛል፤ ሁለተኛው ጉልበቱ ካለቀ በኋላም ይፈርማል። ሁለቱም ፎርሙ ላይ ባለው ሰው እንጂ በራሳቸው ዕድሜ ጡረታ አይወጡም።

ቃሉን ራሱን እንየው። “ጡረታ” የመጣው ከመጦር ነው። መጦር ማለት ልጅ ያረጀ አባትና እናቱን መመገብ፣ ማልበስ፣ አጠገብ ሆኖ መጠበቅ ነው። “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” የሚለው ምርቃት ውስጥ ያለው ጡረታ ሰው አለበት። የመንግሥቱ ጡረታ ቃሉን ሲዋስ ብሩን ወስዶ ሰውየውን ተወው። ይህ በመንግሥት ብቻ የሚፈረድ አይደለም፤ የትም አገር እንዲሁ ነው። ጀርመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 በቢስማርክ ጊዜ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሽምግልና መድን ሲያወጡ ዕድሜውን 70 አደረጉት። እዚያ ዕድሜ የሚደርሰው ጥቂት ነበርና ከዚያ በኋላ ምን እየሠራ ይኖራል የሚለው ጥያቄ ማንንም አላስጨነቀም። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ 60 የደረሰ ሰው በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ይህ አንድ ሕፃን ተወልዶ አሥረኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

የድሮው ሸዋ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። መልሱ ፍጹም ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ነበረ። ያረጀ ሰው ሥራ አይፈታም ነበር፤ ሥራ ይቀይር ነበር። እርሻውን ለልጁ የለቀቀ አባት ሽማግሌ ሆኖ ደም ያደርቃል፣ ድንበር ያስማማል፣ ሙሽራ ይመርቃል፣ የዝናቡን አመጣጥ ይናገራል። ከዚያም ሲያልፍ ቆብ የሚደፋ አለ። ትዳሯ የሞተባት ሴት መነኩሲት ሆና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ትቀልሳለች፤ የጾሙም የጸሎቱም ሰዓት ቀኗን ይከፋፍልላታል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከጦር ሜዳ የተመለሰ አዛውንት ጠመንጃውን ቢያስቀምጥም ስሙና ማዕረጉ አብሮት ይኖር ነበር። ከሞተም በኋላ ልጆቹ የሚጠሩት በእሱ ነበር። የዛሬው ኃላፊ ግን “ኃላፊ” የሚባለው ማኅተሙ በእጁ እስካለ ድረስ ነው።

ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከተጉለት የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጥሩ ማሳያ ናቸው። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የመጡ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ነበሩ። ከስደት ከተመለሱ በኋላ ወደ ቀድሞው ሹመት አልተመለሱም። ሐረርጌ፣ ሂርና ላይ እያረሱ ኖሩ፤ የሕይወት ታሪካቸውንም ጻፉ። መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1999 ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም “ወንጀለኛው ዳኛ”ን፣ “የልምዣት”ንና “ትዝታ”ን ያሳተሙት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

ይህን የመሰለ ምሳሌ ሲጠቀስ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱም ሰዎች ከሹመቱ በፊት የራሳቸው የሆነ ነገር ነበራቸው፤ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ብዕር። ሰላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ያወጣና ያስገባ ሰውን ግን “ተነስና መጽሐፍ ጻፍ” ብሎ መምከር ፌዝ ነው። ለነገሩ የጡረተኛ የሕይወት ታሪክ በገበያው ላይ እጥረት የለበትም።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ምን አጣ? ስልኩ መጮህ አቆመ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ለሰላሳ ዓመት “ያ ደብዳቤ የት ደረሰ?” ብሎ የሚደውልለት ሰው ነበር፤ ያ ሰው ባለጉዳይ እንጂ ወዳጅ አልነበረም፣ ሰውየው ግን ልዩነቱን የሚያውቀው ዛሬ ነው። ወሬ አጣ፤ ማን ተዛወረ፣ ማን ተሾመ፣ የትኛው ቢሮ ታጠፈ የሚለውን መጀመሪያ ያውቅ የነበረ ሰው አሁን ከልጁ ፌስቡክ ላይ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅዳሜን አጣ። ሰኞ የሌለው ሰው ቅዳሜ የለውም። የዓመት ፈቃዱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፈቃዱ ማለቂያ ሲያጣ ጣዕሙ ይጠፋበታል።

በ1967 እ.ኤ.አ. ሆምዝና ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የሰውን ኑሮ የሚያናውጡ 43 ነገሮችን በነጥብ ደርድረው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ተሰጠው። ከሥራ መባረር 47። ጡረታ መውጣት 45። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በደብረ ብርሃን ከሥራ የተባረረ ሰው ሲኖር ዘመድ ወዳጅ “አይዞህ” ሊለው ይመጣል፤ ጡረታ የወጣውን ግን “እንኳን ደስ አለዎት፣ እረፍት አገኙ” ይለዋል። ስለዚህ የከፋው ሰው ከፋኝ ለማለት እንኳ አፍ የለውም። አትችሊ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ ጡረታ ደረጃ እንዳለው ጽፏል፦ መጀመሪያ እንደ ጫጉላ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ይመርራል፣ ከዚያ ሰው አዲስ መንገድ ይፈልጋል። እዚህም ያየው ሰው ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተበላሸው አጥር ይጠገናል፣ ያልተጎበኘ ዘመድ ይጎበኛል፣ ክርስትና ያልተቀረበት ይቀረባል። ከዚያ አጥሩ ያልቃል።

አጥሩ ሲያልቅ ዓይን ወደ ቤት ውስጥ ይዞራል። ብዙ ጸብ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጓዳው ለሰላሳ ዓመት ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቷ ሚስት ነበረች። ሰውየው ቢሮ የለመደውን ቁጥጥር ይዞ ይመጣል። “ይህ ሽንኩርት ለምን ትናንት ተገዛ?” “በርበሬው ስንት ኪሎ ነው የቀረው?” ይላል። የንብረት ቆጠራ መሆኑ ነው። ሚስት መጀመሪያ ትስቃለች፣ በሁለተኛው ወር “እስኪ ወጣ ብለህ ሰው አግኝ” ትላለች። እውነቷን ነው። እሱ ግን ከቤቱ የተባረረ ይመስለዋል፤ ከሁለት ቦታ በአንድ ዓመት።

የሴቷ ጡረታ ሌላ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ስለ ወንዱ ስለሆነ ተዘልሎ ይታለፋል። ጤና ጣቢያ ሰላሳ ዓመት ያዋለደች ሲስተር ጡረታ ስትወጣ ሥራ አትፈታም። ድሮም ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንዱ ቀረ። የሴት ልጇ ልጅ ይመጣላታል፣ የታመመች እናቷ ትመጣለች፣ “አሁን እኮ ቤት ነሽ” ተብሎ የሰፈሩ ድግስ ሁሉ ወጥ ቤት እሷ ትሆናለች። እሷን የሚጎዳት ባዶ ጊዜ ሳይሆን የራሷ የነበረው ጊዜ መወሰዱ ነው። ቢሮ ወይም ጤና ጣቢያው ስሟ የሚጠራበት፣ እንደ ባለሙያ የምትከበርበት ብቸኛ ቦታ ነበር። አሁን “የእገሌ አያት” ናት። ደግሞ መልካም ጎን አለው፤ ጎረቤት መርፌ ለመወጋት፣ የደም ግፊት ለመለካት፣ ነፍሰ ጡር ምክር ለመጠየቅ ወደ እሷ ይመጣል። ወንዶቹ የሚያጡትን እሷ በከፊል ይዛው ትወጣለች፤ ሙያዋ ማኅተም አይፈልግምና።

ከቤት ወጣ ያለው ወንድ የት ይሄዳል? ዕድለኛው ወደ ሰንበቴና ማኅበሩ፣ ወደ ዕድሩ ጸሐፊነት ይሄዳል። የዕድር ሒሳብ ያለ ጡረተኛ ምን ይሆን ነበር? ያልታደለው ወደ አረቄ ቤት ይሄዳል። የደብረ ብርሃን አረቄ በስም የሚታወቅ ነው፤ ብርዱም ምክንያት ይሆነዋል። ቢሮ እያለ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ይል የነበረ ሰው አሁን አራት ሰዓት ጠዋት ላይ ሲጀምር የሚያስቆመው የለም። የሚያስፈራው ነገር ጸጥታው ነው፤ ቤተሰብ “ደክሞ የኖረ ሰው ነው፣ ይጠጣ” ብሎ ያልፈዋል።

ሌላ መውጫ ነበረ፤ አገር ቤት መመለስ። ብዙዎቹ የደብረ ብርሃን ጡረተኞች ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከአሳግርት፣ ከሞረትና ጅሩ የመጡ ናቸው። ለዓመታት ያሰቡት ዕቅድ አንድ ዓይነት ነው፦ ጡረታ ስወጣ አገሬ ገብቼ ጥቂት በግ አረባለሁ፣ ባሕር ዛፍ እተክላለሁ፣ ንብ አስቀምጣለሁ፣ ካህን አጠገቤ ይሆናል። ይህ ዕቅድ አንድ ቀን ሳይፈተሽ ሰላሳ ዓመት ያጽናና ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ መሬቱ ላይ የወንድም ልጅ አራት ልጅ ወልዶበታል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ እንደ ድሮው ተነስተው የሚሄዱበት አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ተነስተው ለቅሶ ደርሰው ማታ የሚመለሱበት መንገድ ነበር። ዛሬ ለአንድ ተዝካር ለመሄድ ሦስት ሰው ጋ ተደውሎ “እንዴት ነው መንገዱ?” ይባላል። ሕይወቱን ከተማ ያሳለፈ፣ ልቡን ግን ገጠር ያስቀመጠ ሰው ሁለቱም ቦታ እንግዳ ሆኗል። የዚህ ትውልድ ጡረታ ከአባቶቹ የሚከብደው በዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቀላሉ የሚመጣው መልስ “የጡረታ ዕድሜ ይራዘም” ነው። ይህ የተሳሳተ መልስ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ አምስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ወጣት ባለበት ከተማ ወንበሩን ለአዛውንቱ ማቆየት የአንዱን ባዶ ቀን ለሌላው ማሸጋገር ነው። ወንበሩ ይለቀቅ። እውቀቱ ግን ከወንበሩ ጋር አብሮ መጣል የለበትም። የወረዳ ግብርና ባለሙያ ሆኖ ሰላሳ ዓመት የአንኮበርን ዳገት የረገጠ ሰው የትኛው ማሳ በስንት ዓመት እንደተሸረሸረ፣ የትኛው እርከን ለምን እንደፈረሰ በጭንቅላቱ ይዞታል። ሲሸኝ ያን የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው ያስረከበው ወንበርና ጠረጴዛ ብዛት ነው። ከመውጣቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ግማሹን ቀን ለተተኪው ቢያስተምር ምን ይጎድላል? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ነው። የአካባቢውን የመሬት፣ የጤና፣ የትምህርት ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ከማኅደር በላይ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊቱ ቡና ቤት ተቀምጧል። የሦስት ወሩን ማስታወቂያ ወደ አንድ ዓመት ማሳደግ ደግሞ በጀት አይፈልግም፤ የልደት ቀኑ ማኅደሩ ላይ ተጽፏል።

የቀረው የቤተሰብና የሰውየው የራሱ ነው። በተለይ አንድ ነገር ከ60 በፊት መጀመር አለበት፤ ማንም ያላዘዘው፣ ማኅተም የማይፈልግ ሥራ። በጓሮ ፖም ተክሎ መቁረጥና መንከባከብ ይሁን፣ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ይሁን፣ ዳማ ይሁን፣ የማኅበር ጸሐፊነት ይሁን። በ55 ዓመቱ ያልጀመረው ሰው በ61 አይጀምረውም ማለት ይከብዳል፤ የሚጀምሩ አሉ። ግን በ61 ሲጀምር ሐዘኑንም አብሮ ተሸክሞ ነው። ልጆችም ከውጭ ብር ሲልኩ “አባዬ ምን ጎደለህ?” ከሚሉ ይልቅ “አባዬ፣ ይህን ነገር እንዴት ላድርግ?” ብለው ቢደውሉ ስልኩ እንደገና ይጮሃል። ጥያቄው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ለማጽናናት የተጠየቀ ጥያቄን አባት ወዲያው ያውቀዋል።

ጡረታ በሚከፈልበት ቀን ባንኩ ደጃፍ የሚታየውን ነገር ማየት ይበቃል። በሩ ሳይከፈት አዛውንቶቹ ተሰልፈዋል፤ ጋቢ ከኮት በላይ፣ ምርኩዝ በእጅ። አንዷ እትዬ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። “አንቱ፣ አሉ እንዴ? የሞቱ መስሎኝ ነበር!” ይባባላሉ፣ ይስቃሉ። ባለፈው ወር የነበረና ዛሬ ያልመጣ ሰው ካለ ስሙ ይጠራል፤ አንዱ “አሞታል” ይላል፣ ሌላው “እንሂድና እንጠይቀው” ይላል። ብሩን ልጆቻቸው በስልክ ሊያወጡላቸው ይችላሉ። ብዙዎቹ ተነግሯቸዋል፣ ተመዝግቦላቸዋልም። ቀኑ ሲደርስ ግን ጫማቸውን አስጠርገው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከሁለት ሰዓት በፊት እዚያው ተገኝተዋል።